በቀን በሚከራይ ቤት ትርፍ መኝታ ክፍሎችን መቼ እንክፈት፣ እንዴት እንዝጋ?

ባለሦስት መኝታ ቤት ለሁለት ሰው ሲከራይ የሚነሳው ጭቅጭቅ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ የተነገረው ዋጋ የቤቱ ይሁን የክፍሉ አልተለየም። እንግዳው «ቤቱን ነው የተከራየሁት» ይላል፤ ባለቤቷ ጠዋት ስትገባ ሦስቱም አልጋ ተተኝቶበታል። ስለዚህ ቁልፍ ከመግዛትዎ በፊት ዋጋውን በክፍል ከፋፍለው ይወስኑ።

የመጀመሪያው ክፍል ዋጋ ሳሎኑን፣ ኩሽናውን፣ መታጠቢያ ቤቱንና ጥበቃውን ስለሚሸከም ከፍ ይበል። ቀጣዮቹ የሚጨምሩት አጠባ፣ ውሃና ጽዳት ነው፤ የመጀመሪያው ሩብ ወይም ሲሶ ይበቃቸዋል። አንዱ ክፍል 2,000 ብር ከሆነ፣ ተጨማሪው ከ500 እስከ 650 ብር። ከዚህ በላይ ከጠየቁ እንግዳው ክፍል በማስከፈት ፈንታ ዘመዱን ሶፋ ላይ ያስተኛል፤ ሶፋ ማሳጠብ ደግሞ አንሶላ ከማጠብ እጅግ ይከብዳል።

በሰው ቁጥር ማስከፈል ወሎ ውስጥ አይመከርም። ለጊሸን ማርያም መስከረም 21፣ ለገና ላሊበላ፣ ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ዘመድ ያገኛል፤ ዘመድ ደግሞ ቡና ሳይጠጣ አይሄድም። ቡና ሊጠጣ የመጣን ሰው መቁጠር ነውር ነው። የሚቆጠረው ያደረ ነው፤ እሱም በተከፈተው ክፍል ልክ።

ይህን ሁሉ ቀብድ ከመቀበልዎ በፊት በጽሑፍ ይላኩ። በስልክ «አብሽሪ፣ አንዱ ይበቃናል» የተባለ ነገር በማግስቱ ይረሳል። እንዲህ ብለው ቢጽፉ ይበቃል፦

«እንኳን ደህና መጡ። የተከራዩት የፊተኛውን መኝታ ክፍል ነው፤ ሳሎን፣ ኩሽናና መታጠቢያ ቤት አብረው ናቸው። ሁለቱ ክፍሎች ተቆልፈዋል። ካስፈለገዎት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይደውሉልኝ፣ አልጋ አንጥፌ እከፍታለሁ፤ አንዱ በአዳር 600 ብር ነው። የቀን እንግዳ ቢመጣልዎት ቤቱ ቤትዎ ነው፤ የሚያድር ካለ ግን መታወቂያውን ቀድመው ያሳዩኝ።»

አሁን ወደ በሩ። የውስጥ በሮች ርካሽ ቁልፎች ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ጥርስ ስላላቸው የአንዱ ክፍል ቁልፍ ሌላውን ይከፍታል። እያንዳንዱን ቁልፍ በእያንዳንዱ በር ላይ ይሞክሩ፤ የሚከፍት ካገኙ የአንዱን በር ቁልፍ በሲሊንደር ይቀይሩ። ከውጭ ጓጉንቸር ማንጠልጠል አይመከርም፤ በሩን ያቆስላል፣ እንግዳውም የተጠረጠረ ይመስለዋል። የመብራት ቆጣሪና ማጥፊያው፣ ወይም ለእንግዳው የተባለው መታጠቢያ ቤት በር የሚቆለፈው ክፍል ውስጥ ከሆነ ግን ያንን ክፍል መቆለፍ አይቻልም፤ ለኪራይ የሚሰጠው መጀመሪያ እሱ ይሁን።

እንግዳው ሲደርስ የተዘጉትን ክፍሎች ከፍተው አሳይተው ፊቱ ይቆልፉ። ያላየው የተቆለፈ በር በተለይ ልጆች ይዛ ለመጣች እናት እንቅልፍ ይነሳል፤ ሰው ይኑርበት አይኑርበት አታውቅም። በተዘጋው ክፍል ያለው ፍራሽ ያለ አንሶላ ይሁን፣ ብርድ ልብሱም ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍ። ቤት ውስጥ ካሜራ በፍጹም አይትከሉ፤ የሰው ገመና ነው።

ሳይነገርዎት ክፍል ተከፍቶ ካገኙ ያንኑ ቀን ይናገሩ። ሂሳቡን ለመውጫ ቀን ማቆየት እንግዳውን ወጥመድ ውስጥ የገባ ያስመስለዋል። ቅጣት ሳይጨምሩ የተነገረውን የክፍል ዋጋ ብቻ ይጠይቁ፤ አብዛኛው ሰው ይከፍላል።

ብዙ አከራይ የሚዘነጋው ውሃ ነው። አንድ ሰው በቀን 60 ሊትር ይጠቀማል ብለን ብናስብ፣ 1,000 ሊትር ሮቶ ለሁለት ሰው ስምንት ቀን ይደርሳል፤ ለስድስት ሰው ግን ሦስት ቀን አይሞላም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሦስቱንም ክፍል ከመክፈትዎ በፊት ሮቶውን አይተው፣ ፈረቃው መቼ እንደሆነ ለእንግዳው ይንገሩ። ቦይለሩም 50 ሊትር ከሆነ ሁለት ሰው ተከታትሎ ሲታጠብ ሙቁ ያልቃል፤ ሦስተኛው ውሃው እንደገና እስኪሞቅ መጠበቅ እንዳለበት ይወቅ።

ለእያንዳንዱ አልጋ ሦስት አንሶላ ያስፈልጋል፦ አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ እጥበት ላይ፣ አንዱ ቁም ሣጥን። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ አንሶላ በአንድ ቀን ስለማይደርቅ አራተኛ ይጨምሩ። ደሴና ላሊበላ ለአንድ አልጋ ሁለት ብርድ ልብስ ይሰናዳ፤ ኮምቦልቻ አንድ ይበቃል፣ ወባ ስላለ ግን አጎበር የግድ ነው። መስገጃም ያስቀምጡ። ከወሎ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል፤ በየክፍሉ አቅጣጫውን የሚያሳይ ትንሽ ቀስት ግድግዳው ላይ ቢለጠፍ እንግዳው ሌሊት ሰው ቀስቅሶ አይጠይቅም።

ተዘግቶ የሚከርም ክፍል በክረምት ይሻግታል። በሦስት ቀን አንዴ፣ ዝናብ በሌለበት ረፋድ፣ መስኮቱን ለሁለት ሰዓት ይክፈቱ። ፍራሹን ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቀው ያቁሙት፤ ግድግዳ የነካው ጎኑ ነው ቀድሞ የሚሻግተው። ክፍሉ ሲከፈት ስፌቱን በባትሪ ይመልከቱ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ የትኋን ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ያ ክፍል እስኪጸዳ አይከራይም።