የዳልተንን አቶም በወረቀትና በእርሳስ ማግኘት

ተማሪዎቼ ቁስ ከአቶሞች የተሠራ ነው ያለውን የእንግሊዛዊውን ኬሚስት የጆን ዳልተንን ሐሳቦች ከመሸምደዳቸው በፊት ስሌቱን በእጃቸው እንዲሠሩት አደርጋለሁ። እናንተም ከዚያው ጀምሩ።

የሁለቱን የካርበን ኦክሳይዶች (የካርበንና የኦክስጅን ውህዶች) ይዘት በክብደት መቶኛ ጻፉ፦ ካርበን ሞኖክሳይድ 42.9 ካርበን፣ 57.1 ኦክስጅን፤ ካርበን ዳይኦክሳይድ 27.3 ካርበን፣ 72.7 ኦክስጅን። ቁጥሮቹ እንዲህ ተቀምጠው ምንም አይናገሩም። አሁን በየውህዱ የኦክስጅኑን መጠን ለካርበኑ አካፍሉ። 1.33 እና 2.66 ይወጣል። ልክ እጥፍ! እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ለእኔ ከኬሚስትሪ ሁሉ የሚያምረው ቦታ ይህ ነው። ቁስ ያለ ገደብ የሚከፋፈል ቢሆን ኖሮ 1.9 ወይም 2.3 እጥፍ እንዳይሆን የሚከለክለው ነገር ባልነበረ። ኦክስጅን ግን በሙሉ አቶም እንጂ በቁራጭ አይገባም።

የውህዱን ቀመር፣ ማለትም ከየትኛው አቶም ስንት እንዳለው ለማወቅ ግን ይህ ብቻ አይበቃም። ዳልተን ውሃን አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን አድርጎ ስለቆጠረው የኦክስጅን አቶማዊ ክብደት ከትክክለኛው በግማሽ ያህል አነሰበት። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት አቮጋድሮ እ.ኤ.አ. በ1811 ጋዞች የሚይዙትን ቦታ (ቮልዩም) በመመርመር መፍትሔውን አቀረበ፤ የአገሩ ልጅ ኬሚስቱ ካኒዛሮ በ1860 በጀርመን ካርልስሩኸ ከተማ በተካሄደው የኬሚስቶች ጉባኤ የአቮጋድሮን ሐሳብ አስረድቶ ኬሚስቶችን ወደ አንድ የክብደት ሠንጠረዥ መራቸው። ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌቭም በ1869 ንጥረ ነገሮችን በሠንጠረዡ የደረደረው በእነዚሁ ክብደቶች ነው።

ቀጥሎ ናይትሮጅንን ሞክሩ። ለ1 ግራም ናይትሮጅን 0.57፣ 1.14 እና 2.29 ግራም ኦክስጅን የያዙ ሦስት ኦክሳይዶች አሉ፤ ሁሉንም ለትንሹ አካፍሉና በሙሉ ቁጥር የሚወጣውን ጥምርታ ፈልጉ።