በአንኮበር ሸለቆዎች የድሮ የውሃ ወፍጮን ዱካ መከተል

ወፍጮውን ሳይሆን ቦዩን ፈልጉ። ቤቱ ፈርሶ ድንጋዩ ለካብ ተወስዶ፣ እንጨቱም ነድዶ ይሆናል፤ በተራራ ወገብ የተቆፈረ ቦይ ግን ቶሎ አይጠፋም።

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው አንኮበር ለዚህ ፍለጋ የሚመች አገር ነው። እዚያ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የውሃ ወፍጮ ተሠርቶ ነበር፤ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ስላሉት ብዙም ሳይፈጭ ቀረ።

አዝመራው ተሰብስቦ ሣሩ ሲደርቅ፣ በታኅሣሥና በጥር ውረዱ። ከየካቲት ወዲህ በልግ ይመጣል፤ ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጠርቶ ሳለ ወንዙን ይሞላዋል። ለመውጫው ከመውረጃው እጥፍ ሰዓት ያዙ።

ከወንዙ ማዶ ቆማችሁ ወዲህኛውን ዳገት ተመልከቱ። ጠዋት ፀሐይ ገና አግድም ስትመታ ጥላው ቦዩን ያወጣዋል። ወንዙ ቁልቁል እየወረደ እሱ ለጥ ብሎ የሚሄድ መስመር ካለ ተከተሉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የእርከን ካብ በላይ በላዩ ይደረደራል፤ የመስኖ ቦይ እየተከፋፈለ ማሳ ይገባል። የወፍጮ ቦይ ግን ብቻውን ሄዶ ቁልቁለት አፍ ላይ ድንገት ይቆማል። ከሥሩ በድንጋይ የተካበ ጉድጓድና ውሃውን ወደ ወንዝ የሚመልስ መውጫ ፈልጉ። ውሃው የሚያዞረው መዘውር ተጋድሞ ይዞር ከነበረ ጉድጓዱ ከቤቱ ወለል ሥር ነው፤ ቆሞ ከነበረ ከግድግዳው ጎን ጠባብና ረጅም ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ክብ ድንጋይ ካገኛችሁ ፊቱን በእጃችሁ ዳስሱት። ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚሄዱ ቦዮች ዱቄቱን የሚያወጡ ናቸው። ከቀዳዳው ግራና ቀኝ የብረት መግጠሚያ ስርጉድ ካለው የሚዞረው የላይኛው ነው። ጠርዙ ከሳሳ ብዙ ፈጭቷል ማለት ነው።

በመንገዳችሁ ከባድ ጥቁር ስብርባሪ ካያችሁ የብረት አር (ብረት ሲቀልጥ የሚቀር ዝቃጭ) ሊሆን ይችላል። በማግኔት ብቻ አትፍረዱ፤ የአካባቢው ጥቁር ድንጋይም በጥቂቱ ይስባል። እንደ ወፍራም ማር ፈስሶ የተጣጠፈ ፊት፣ የከሰል አሻራ፣ አጠገቡም በእሳት የቀላ ሸክላ ካለ ብረት ይቀልጥበት የነበረ ቦታ ነው።

ማሳ ከመርገጣችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ። ሽማግሌ ስታገኙ «ታሪካዊ ቦታ የት ነው?» ከማለት «አባባ፣ ድሮ ውሃ ወፍጮ የነበረው በየት በኩል ነው?» ብትሉ መልሱ ቶሎ ይመጣል። ምንም አታንሡ፣ አትቆፍሩ። አጠገቡ ዱላ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሡ፤ ቦታውን በስልካችሁ መዝግባችሁ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።