እናት የሰፋችውን ልብስ ከነታሪኩ ማቆየት

እናቴ በሰባት ዓመቴ የሰፋችልኝን ቀሚስ ከብዙ ዓመት በኋላ ከሻንጣ ውስጥ ሳገኘው፣ ሽታው ስለከበደኝ ወዲያውኑ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍሁት። በጫፉ የውስጥ እጥፋት ላይ በጠመኔ የተሰመረ ቀጭን መስመር እንደነበረ ያየሁት ጨርቁን ውኃ ከነካው በኋላ ነው፤ ፈጥኜ ባወጣውም መስመሩ ጠፍቶ ነበር። እናቴ በሚቀጥለው ዓመት ቀሚሱን እስከየት ልታስረዝመው እንዳሰበች የሚናገረው ምልክት እሱ ብቻ ነበር። እኔ ግን ጊዜው ሳይደርስ አድጌ ጠበበኝና ቀሚሱ ሳይረዝም ተቀመጠ። በኋላ ስጠይቃት መስመሩን ማስመሯን እንኳ አላስታወሰችም።

ይህ መመሪያ ከማጠብ ሳይሆን ከማንበብ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። ቤት ውስጥ በተሰፋ ልብስ ላይ የሰፊዋ ውሳኔ ሁሉ ይቀራል፤ ጨርቁ የት ላይ እንዳነሳት፣ ክሩ የት እንዳለቀባት፣ ልጁ ምን ያህል ያድጋል ብላ እንደገመተች በስፌቱ ውስጥ ይታያል። ከእነዚህ ምልክቶች አንዳንዶቹ ከአንድ እጥበት በላይ አይቆዩም።

ለማንበብ ንጹሕ ነጭ አንሶላ የተነጠፈበት ሰፊ ጠረጴዛ፣ በመስኮት የሚገባ ብርሃን፣ ሜትርና ወረቀት ይበቃል። ፀሐይ በቀጥታ እንዳያርፍበት ይጠንቀቁ፤ እጅዎን ታጥበው ያድርቁ፤ ክር የሚይዝ ቀለበት ወይም አምባር ካለዎት ያውልቁ። ከዚያ ልብሱን ገልብጠው በውስጥ በኩል ይመልከቱት፤ የእናቶች ሥራ በይበልጥ የሚነበበው በውስጥ በኩል ነውና። በመጀመሪያ የትኛው በስፌት መኪና፣ የትኛው በእጅ እንደተሰፋ ይለዩ። የመኪና ስፌት እኩል እየተራመደ ሲሄድ የእጅ ስፌት ግን አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል፣ ሰፊዋ በደከመችበት ቦታም ሰፋ ሰፋ ይላል። ቀጥሎ የስፌቱን ትርፍ፣ ማለትም ከስፌቱ መስመር እስከ ጨርቁ ጠርዝ ያለውን፣ ይለኩ። በታተሙ የቤት ስፌት ንድፎች የተለመደው ትርፍ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በጎንና በብብት በኩል ከዚያ በእጅጉ የሚበልጥ ትርፍ ካገኙ፣ ልብሱ ወደፊት እንዲሰፋ ታስቦ የተቆረጠ ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉም በላይ ግን ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ለጫፉ ነው። ልብሱ በተረዘመ ቁጥር አሮጌው እጥፋት የደበዘዘ ወይም የጠቆረ መስመር ሆኖ ይቀራል፤ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ሲለኩ የአንድን ልጅ ቁመት ዕድገት እየለኩ ነው። የታናሽ እህቴ ጉርድ ቀሚስ ላይ ሦስት እንዲህ ያሉ መስመሮች አሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት መካከል 4፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት መካከል 6 ሴንቲ ሜትር ለክቻለሁ። ጨርቁ ከሌላ ልብስ የተገኘ መሆኑን ደግሞ አሮጌ የመርፌ ቀዳዳዎች በተርታ መታየታቸው፣ ወይም ኪስ ይሸፍነው የነበረው ቦታ ከሌላው ይልቅ ደማቅ መሆኑ ያሳብቃል። አባት የለበሱት ሸሚዝ የልጅ ቀሚስ ሆኖ እንደሆነ በዚህ መንገድ ሊታወቅ ይችላል።

ዘመኑን ለመገመት ጨርቁ ራሱ ይረዳል። ናይለን ለሕዝብ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሆን፣ የፖሊስተር ልብስ በገበያ መስፋፋት የጀመረው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። ስለዚህ በፖሊስተር የተሰፋ ቀሚስ የቅድመ አያት ነው ቢባል እንኳ ጥቂት መጠራጠር ተገቢ ነው። ጥጥና ሱፍ ግን በሁሉም ዘመን ስላሉ ብቻቸውን ብዙ አይናገሩም።

ያዩትን ሁሉ ሳይዘገዩ ይጻፉ። የፊቱን፣ የጀርባውንና የውስጡን ፎቶግራፍ አጠገቡ ሜትር ዘርግተው ያንሱ፤ በጠመኔ፣ በሳሙና ወይም በእርሳስ የተደረገ ምልክት ካለ ለብቻው ቀረብ ብለው ያንሱት። ይህ ሳይጠናቀቅ ልብሱ ውኃ አጠገብ መድረስ የለበትም።

እናትዎ በሕይወት ካሉ የሚቀጥለው ሥራ መጠየቅ ነው፤ እኔ እንደማምነው ከሥራው ሁሉ ሊዘገይ የማይገባው ይህ ነው። «ስለዚህ ልብስ ይንገሩኝ» ብሎ መጀመር ብዙ ጊዜ አጭር መልስ ብቻ ያስገኛል። ከዚያ ይልቅ ልብሱን በእጃቸው ይስጧቸውና ዝም ይበሉ፤ ጣቶቻቸው ስፌቱን ሲዳስሱ ትዝታው ራሱ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራው ይጠይቁ፤ መጀመሪያ የቆረጡት የቱን ነው? እጅጌው ስንት ጊዜ ተፈታ? ጨርቁ ከየት ተገኘ? ሲሰፉ ሌሊት ነበር ወይስ ቀን? ልጁስ ሲለካ ቆሞ ይጠብቅ ነበር ወይስ ያስቸግር ነበር? ፈቃዳቸውን ጠይቀው ድምፃቸውን በስልክ ይቅረጹ፤ ፋይሉንም ቢያንስ በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። እናትዎ በሕይወት ከሌሉ አክስቶችን፣ ታላላቅ ወንድሞችንና እህቶችን ይጠይቁ። የሁለት ሰዎች ትዝታ ቢለያይ አስታርቆ አንድ ለማድረግ አይሞክሩ፤ ማን ምን እንዳለ ለይተው ሁለቱንም ይጻፉ።

አሁን እጥበቱን ማሰብ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ልብስ መታጠብ አለበት ማለት አይደለም። በቅድሚያ ጨርቁ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ከውስጥ ስፌት ትርፍ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ክር መዝዘው፣ በወረንጦ ይዘው፣ አጠገብዎ ውኃ አስቀምጠው በሸክላ ሳህን ላይ ያቃጥሉት። ጥጥና ተልባ እግር ቶሎ ነድደው እንደ ወረቀት ይሸታሉ፤ የሚቀረውም ለስላሳ አመድ ነው። ሱፍና ሐር ቀስ ብለው እየነደዱ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ። ናይለንና ፖሊስተር ቀልጠው ጠንካራ ጠብታ ይሆናሉ። ድብልቅ ጨርቅ ግን የሁለቱንም ጠባይ ስለሚያሳይ ከዚህ ፈተና ቁርጥ ያለ መልስ አይጠበቅም።

ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በውኃ አርጥበው በማይታይ ቦታ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ተጭነው ይያዙ፤ ከዚያም በሚያጥቡበት የሳሙና ውኃ ይድገሙት። ጥልፍ ካለው የእያንዳንዱን ክር ቀለም ለየብቻ ይፈትኑ፤ ጨርቁ ሳይለቅ የጥልፉ ቀይ ክር ብቻ የሚለቅበት ጊዜ አለና። ነጩ ጨርቅ ላይ ትንሽም ቢሆን ቀለም ከታየ ልብሱን ከውኃ ያርቁት። ሲነካ የሚሰነጠቅ ሐርም እንዲሁ አይታጠብም። እንዲህ ያለውን አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብሎ አራግፎ መተው፣ እጅግ የሚወዱት ከሆነም የጨርቅ ጥበቃ ባለሙያ ማማከር ይሻላል።

ለእጥበት የሚችለውን በሰፊ ሳፋ፣ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ለብ ያለ ውኃና በጥቂት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ይጠቡት። ልብሱን በነጭ አንሶላ ላይ አሳርፈው ከነአንሶላው ወደ ውኃው ያውርዱት፤ ሲያወጡትም ከነአንሶላው ያውጡት። ውኃ የጠጣ ጨርቅ ከባድ ነው፤ በትከሻው ተይዞ ከተነሳ አሮጌው ስፌት የራሱን ክብደት መሸከም ያቅተዋል። ማሸትና መጠምዘዝ ፈጽሞ አያስፈልግም፤ በመዳፍ ጫን ለቀቅ ማድረግ ይበቃል። ጥጥ ሲርስ ጥንካሬው አይቀንስም፤ ሬዮን (ከእንጨት ጭረት የሚሠራ ሐር መሰል ጨርቅ) እና ሱፍ ግን ይደክማሉ፤ ሱፍ በተለይ ሙቀትና መታሸት ሲያገኙት ተጨማድዶ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላም ወደ ነበረበት አይመለስም። ሳሙናው ፈጽሞ እስኪለቅ ድረስ ደጋግመው ያለቅልቁ፣ በፎጣ መካከል ጠቅልለው ውኃውን ያስመጥጡ፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ቅርፁን አስተካክለው ያድርቁት። በረኪና ሱፍንና ሐርን ያበላሻል፣ አሮጌ ጥጥንም ያዳክማል፤ ለነጭ ልብስ እንኳ ቢሆን አልመክረውም።

ቡናማ ሆኖ የቀረ አሮጌ ነጠብጣብ ብዙውን ጊዜ አይለቅም፤ በግድ ለማስለቀቅ ሲሞከር የሚለቀው ጨርቁ ነው። የእናትዎ ጣት በመርፌ ተወግቶ የቀረች የደም ነጥብ ከሆነች ደግሞ ማስለቀቁ ለምን ያስፈልጋል? ማስታወሻው ላይ ተጽፋ በቦታዋ ብትቀር የተሻለ ነው።

ጥገናን በተመለከተ አጥብቄ የምይዘው አቋም አለኝ። እናት ራሷ የጣፈችው ቦታ ቢያስቀይምም አይፈታም። ያንን ፈትቶ በሚያምር ስፌት የሚተካ ሰው ከልብሱ ላይ ከሁሉ የሚበልጠውን ይቆርጣል። አዲስ ቀዳዳ ሲያጋጥም ግን ከበስተኋላው ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚተርፍ፣ አስቀድሞ ታጥቦ የተኮማተረ ቀላል የጥጥ ጨርቅ ያድርጉበትና በቀጭን የጥጥ ክር ላላ አድርገው ያያይዙት። ጠንካራ የፖሊስተር ክር አይጠቀሙ፤ ክሩ ከጨርቁ ሲበረታ ጨርቁን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ሹራብ ከሆነ የተፈታችውን ዓይን (የክር ቀለበት) ሳይውል ሳያድር በክር ይያዟት፤ አለዚያ አንዷ ሌላዋን እየጎተተች ትፈታለች። የደረቀ ላስቲክ ሊለወጥ ይችላል። ቁልፎቹ ግን መልካቸው የማይመሳሰል ቢሆን እንኳ እንዳሉ ይቆዩ፤ ከተለያየ ልብስ የተለቀሙ ናቸውና።

ልብሱን ሳይነኩ አምሳያውን መስፋት ለሚፈልግ ሰው ንድፉን መገልበጥ ይቻላል። ስፌቱን መፍታት አያስፈልግም። ልብሱን በወረቀት ላይ ዘርግተው፣ የእያንዳንዱን ክፍል ርዝመትና ስፋት በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ለክተው ወረቀቱ ላይ ነጥብ ያስቀምጡ፤ ነጥቦቹን ያገናኙ፤ የስፌት ትርፍ ይጨምሩ፤ የጨርቁ ክር የሚሄድበትንም አቅጣጫ በቀስት ያመልክቱ። ከዚያ በማይፈለግ ጨርቅ ሰፍተው ይሞክሩት። ቀኝና ግራውን ግን ለየብቻ ይለኩ። የእኔ ቀሚስ ቀኝ ትከሻ ከግራው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ የመቀስ ስህተት መስሎኝ ንድፉ ላይ እኩል አድርጌው ነበር። እናቴ ወረቀቱን አይታ፣ «አንቺ እኮ እህትሽን ሁልጊዜ በአንድ ጎን እያዘልሽ ትከሻሽ ያዘነብል ነበር» አለችኝ። የሰፋችው በነበርኩበት ቅርፅ ልክ ነበር።

ማስቀመጫው ንጹሕ፣ ደረቅና ጨለማ ይሁን። ከመሬት ከፍ ያለ ቦታ፣ ሙቀቱ የማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ ይመረጣል፤ የአየሩ እርጥበት በ50 በመቶ አካባቢ ቢሆን መልካም ነው፤ ከ65 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ያሰጋል። ስፒልና መርፌ ቁልፍ ዝገታቸው ስለማይለቅ አንድም ሳይቀር ይነቀሉ። ልብሱን አሲድ በሌለው ስስ ወረቀት፣ እሱ ካልተገኘ ደጋግሞ በታጠበ ነጭ የጥጥ አንሶላ ይጠቅልሉት፤ በእጥፋቶቹም ውስጥ ከዚያው ጠቅለል አድርገው ያስገቡ፤ ጨርቅ የሚቀደደው አብዛኛውን ጊዜ ለዓመታት በታጠፈበት መስመር ላይ ነው። በስድስት ወር አንዴ አውጥተው በሌላ መስመር ይጠፉት። ሹራብ በመስቀያ አይሰቀል፤ ይለጠጣል። እርጥበት የሚያፍን ፕላስቲክ ከረጢትም ለረጅም ጊዜ አይሆንም። የእንጨት ሣጥን ከሆነ ውስጡን በጥጥ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ ጨርቅ ያቢጫልና።

ሱፍና ሐር የሚበላው የብል እጭ ነው፤ ላብና ቅባት ያለበትን ልብስ ደግሞ ይመርጣል። ስለዚህ ንጽሕና የመጀመሪያው መከላከያ ነው። ናፍታሊን ትነቱ ለጤና ጎጂ፣ ሽታውም የማይለቅ በመሆኑ ከቤቴ አስወጥቼዋለሁ። ብል የገባበት የሱፍ ልብስ ካጋጠመዎ በፕላስቲክ ከረጢት አየሩን አስወጥተው ያሽጉትና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያቆዩት። ካወጡት በኋላ እስከ ማግሥቱ ከረጢቱን አይክፈቱ፤ ጤዛው በልብሱ ላይ ሳይሆን በከረጢቱ ላይ እንዲያርፍ ነው።

የመጨረሻው ሥራ ስም መስጠት ነው። አንድ ጣት ስፋት ባለው ነጭ የጥጥ ጥብጣብ ላይ በማይለቅ ቀለም ማን ለማን እንደሰፋው፣ በስንት ዓመተ ምሕረትና ከምን ጨርቅ እንደሆነ ይጻፉ፤ ከዚያ በውስጥ በኩል፣ ትርፉ ላይ፣ በሁለት ላላ ያሉ ስፌቶች ያያይዙት። ሰፋ ያለውን ማስታወሻ ከፎቶግራፎቹ ጋር በወረቀት አትመው አብረው ያስቀምጡ። በእኔ ቀሚስ ላይ ያለው ጥብጣብ እንዲህ ይላል፦ «እናቴ በሰባት ዓመቴ ሰፋችልኝ። ከአሁኑ እጥፋት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የጠመኔ መስመር ነበረው።»