ከቀበና እስከ ባንተይቀጡ፦ የወንዝን ጤንነት ስንለካና ስንናገር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጣም የሚደጋገመው ይቅደም፦ የኦክስጅን መለኪያን በባሕር ወለል የአየር ግፊት አስተካክሎ ወደ ቀበና ወይም ወደ ሌላው የአዲስ አበባ ወንዝ ወደ ባንተይቀጡ መውረድ። መሃል አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ 575 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ እንጂ 760 አይደለም። ግፊቱ ሲቀንስ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም ይቀንሳል። ንጹሕ ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባሕር ወለል ላይ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ እዚህ ግን 6.8 ገደማ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ የተቀዳ ውሃ 6.2 አሳየ እንበል። ለ9.1 ያካፈለ ሰው «68 በመቶ፣ ወንዙ ታሟል» ብሎ ይጽፋል። ለ6.8 ያካፈለው ግን 91 በመቶ ያገኛል፤ ይህ ደህና ውሃ ነው። ጉዳቱም በዚህ አያበቃም፤ የወንዙ ላይኛው ጫፍ ያለ ጥፋቱ ታመመ ከተባለ፣ ከተማው የጨመረበት ብክለት በንጽጽር ትንሽ ይመስላል።

መለኪያው ባሮሜትር ካለው እሱን ተጠቀሙ፤ ከሌለው ግፊቱን በእጅ አስገቡ። ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ የሚነግራችሁ ግፊት ግን ወደ ባሕር ወለል የተቀየረ ነውና እሱን እንዳታስገቡ።

ሰዓትና ቀን የማይረባ ነገር ይመስላል፤ ብዙ መዝገብ የተበላሸው ግን በዚሁ ነው። አንዱ በመስክ ወረቀቱ ላይ «3፡00» ብሎ በእኛ ሰዓት ይጽፋል፣ መሣሪያው ደግሞ ያንኑ ልኬት 9፡00 ብሎ ይይዘዋል። ኋላ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው የጠዋቱን ውሃ የከሰዓት ያደርገዋል። ፀሐይ ያገኘ አልጌ ቀን ኦክስጅን ይለቃል፣ ሌሊት ይወስዳል፤ የቤቶች ፍሳሽም ጠዋት ይበረታል። ስለዚህ ሰዓቱ የልኬቱ አካል ነው። ወረቀቱ ላይ የትኛው የሰዓት አቆጣጠር፣ የትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ይታተምበት።

ድልድይ ላይ ቆሞ ባልዲ መወርወር ቀላል ነው፤ የሚወጣው ግን የላዩ አረፋና ከድልድዩ የረገፈ አቧራ ነው። ውረዱ፤ ፊታችሁን ወደ ላይኛው ወራጅ አዙሩ፤ እግራችሁ ያደፈረሰው ከኋላችሁ ይሂድ፤ ጠርሙሱን ከመሃል ወራጅ፣ ከላይም ከደለሉም ራቅ አድርጋችሁ ቅዱ። ለኬሚካል ምርመራ የሚሆነው ጠርሙስ በወንዙ ውሃ 3 ጊዜ ይለቀለቃል። ለጀርም ምርመራ የሚሆነው አስቀድሞ ከጀርም የጸዳ ስለሆነ ጨርሶ አይለቀለቅም፤ ለመናወጫ የሚሆን ክፍተትም ይተውለታል። ግንፍሌ ከቀበና እንደተገናኘ ወዲያው አትቅዱ፤ ሁለት ወንዞች ሳይደባለቁ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ርቀት አለ፤ ከአንዱ ዳር የተቀዳው የአንዱ ወንዝ ብቻ ነው።

አሁን ኢ. ኮላይ፣ ሰገራ ውሃው ውስጥ መግባቱን የሚያሳየው ጀርም። ናሙናው በበረዶ ሳጥን ተይዞ በ6 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። የማይታወቀው ናሙናውን በንጹሕ ውሃ ማቅጠኑ ነው። የመሃል ከተማ ወንዝ እንደ ቧንቧ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ሙሉ ከተጣራ፣ ማጣሪያው ላይ የቀረው ጀርም የሚበቅልበት ሳህን በአንድ ሌሊት ይሸፈናል፣ የሚቆጠር ነገር አይኖርም፣ የቀኑ ድካምም ይባክናል። ቢያንስ 3 የማቅጠን ደረጃ አዘጋጁ፤ ከ20 እስከ 80 ነጥብ (የጀርም ክምችት) የበቀለበትን ሳህን ምረጡ። ሺህ ጊዜ ከቀጠነው ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ተጣርቶ 42 ነጥብ ቢቆጠር፣ 42 በ1,000፣ ከዚያም በ100 ይባዛል፦ በ100 ሚሊ ሊትር 4.2 ሚሊዮን። የመጨረሻዋን የ100 ብዜት መርሳት ወንዙን በወረቀት ላይ መቶ እጥፍ ያጸዳዋል። አማካዩንም በተራ ድምር አትሥሩ፤ አንዱ ትልቅ ቁጥር ሌሎቹን ይውጣቸዋል። 1,000፣ 10,000 እና 1,000,000 ቢገኝ ተራው አማካይ 337,000 ነው፤ ጂኦሜትሪክ አማካዩ (ሦስቱ ተባዝተው የብዜታቸው ኩብ ሥር) ግን 21,500 ገደማ።

ቢኦዲ (ጀርሞች የውሃውን ቆሻሻ ሲያብላሉ የሚወስዱት ኦክስጅን) ላይ ከ5 ቀን በኋላ ጠርሙሱ ዜሮ ኦክስጅን ካሳየ፣ ያገኛችሁት «ከዚህ በላይ» የሚል ምልክት እንጂ ውጤት አይደለም፤ በደንብ አቅጥናችሁ ድገሙት።

ፍልውሃ አካባቢ ኮንዳክቲቪቲ (የውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም) እና ሙቀት አብረው ከፍ ካሉ ወዲያው ፋብሪካ አትክሰሱ። የፍልውሃው ውሃ በተፈጥሮው ሙቅና በሶዲየም ባይካርቦኔት የበለጸገ ነው። ከላይና ከታች ለኩ፣ ከዚያ ፍረዱ።

ከድንጋይ ሥር የሚለቀሙትን ነፍሳት በአውሮፓ የነጥብ ሰንጠረዥ መመዘንም ያሳስታል። ፕሌኮፕተራ የሚባሉት እዚያ የጤነኛ ወንዝ ምልክት ናቸው፤ በእኛ ደጋ ግን ዝርያቸው ከመነሻው ጥቂት ነው፣ አለመገኘታቸው ብቻውን ብክለትን አያሳይም። ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች የተሠራው ኢትባዮስ የሚባል መመዘኛ አለ። ቀይ ትሎች ብቻ የሞሉበት መረብ ግን የትም ቢሆን ያው ነው፤ ኦክስጅን የጠፋበት ጭቃ ነው።

ውጤቱን ለሕዝብ ስትናገሩ ሁሉን ጨፍልቆ አንድ ነጥብ መስጠት ከባድ ጥፋት ነው። ድንጋይ ላይ እየተላተመ የሚወርድ ውሃ አየር ስለሚያገኝ በኦክስጅን 90 ከ100 ያመጣል፤ የሽንት ቤት ፍሳሽ ስላለበት በኢ. ኮላይ 0 ያገኛል። አማካዩ 45 ሲሆን «መካከለኛ» ተብሎ ይለጠፋል። ልብስ የምታጥበው እናት ከዚህ ቃል የምትረዳው ማጠብ እንደሚቻል ነው። እጇ የሚነከርበትን ውሃ የሚመለከተው ግን ያቺ ዜሮዋ ናት! ለእያንዳንዱ አገልግሎት ለየብቻው ተናገሩ፤ ከሁሉ የከፋውም ቁጥር ይቅደም።

ዳርቻውን ከውሃው ጋር አታምታቱ። ወንዝ ዳር ሣር ተተክሎ፣ መብራት ተተክሎ፣ ሰው ሲዝናናበት ማየት ያስደስታል፤ ውሃው ስለመጽዳቱ ግን የሚመሰክረው ከዚያው ቦታ በበጋም በክረምትም የተቀዳ ናሙና ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ የክረምት ዝናቦች የሚታጠበው የከተማው ቆሻሻ ነው፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ ጎርፉ ራሱ ያቀጥነዋል። የነሐሴውን ከየካቲት ጋር አነጻጽሮ «ተሻሻለ» ማለት የዝናቡን ሥራ ለሰው መስጠት ነው።

ማስታወቂያው ቦታ፣ ወር፣ የናሙና ብዛት፣ መመዘኛና ሰው ሊያደርገው የሚችል ነገር ይኑረው። ለአትክልት አምራች እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦ «ከዚህ ድልድይ በታች በኅዳርና በታኅሣሥ የቀዳናቸው ናሙናዎች በሙሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 ጥሬ ለሚበላ አትክልት መስኖ ካስቀመጠው በ100 ሚሊ ሊትር 1,000 የሰገራ ጀርም (ፌካል ኮሊፎርም) ልክ አልፈዋል። በዚህ ውሃ ሰላጣ አታጠጡ፤ የተለቀመውንም በወንዙ አትጠቡ።»