በጣት የሚንሸራተቱ ታቦች፦ ሄዶ መመለስ ላይ ያለው ሥራ

አንድ ባልደረባዬ የሠራሁትን አፕ ሲሞክር አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር። አፑ የሥራ ዝርዝር መያዣ ነው። «አዲስ»፣ «የተጀመረ» እና «ያለቀ» የሚሉ ሦስት ታቦች አሉት፤ ታብ ማለት ስሙን ሲነኩ ወይም በጣት ወደ ጎን ሲያንሸራትቱ የሚከፈት ገጽ ነው። «አዲስ» ውስጥ ብዙ ወርዶ የሚፈልገውን ሥራ አገኘ። ከዚያ «የተጀመረ» ላይ አንድ ነገር ለማየት ጣቱን ሸርተት አደረገ። ሲመለስ ዝርዝሩ ከላይ ጀመረ። እንደገና ወረደ፣ ሄዶ ተመለሰ፣ አሁንም ከላይ። በሦስተኛው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሥራውን ወረቀት ላይ ጻፈው።

ማንሸራተቱ ላይ ምንም እንከን አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ታብ በሠራሁ ቁጥር መጀመሪያ የምፈትሸው ሄዶ መመለስን ነው።

የምሠራው በፍላተር (የጉግል የአፕ መሥሪያ) ስለሆነ በሱ ላሳያችሁ። መነሻው ቀላል ነው። ታብባር ስሞቹን ይይዛል፣ ታብባርቪው ገጾቹን ይይዛል፣ ታብኮንትሮለር ሁለቱን ያናብባል። ስካፎልዱን (የስክሪኑን ዋና አጽም) በዲፎልትታብኮንትሮለር (ዝግጁ ታብኮንትሮለር) ጠቅልሉት፤ ሌንግዝ (የታቦቹ ብዛት) የሚለው ላይ 3 ስጡት። ታብባሩን አፕባሩ (የላይኛው አሞሌ) ውስጥ ቦተም በሚለው ቦታ፣ ታብባርቪውን ቦዲ (የስክሪኑ ዋና ክፍል) ላይ አስገቡ። ማንሸራተቱን ታብባርቪው ራሱ ይዞት ይመጣል፤ ጣት የሚከታተል ኮድ አትጻፉ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ሌንግዙ፣ የስሞቹ ብዛት እና የገጾቹ ብዛት እኩል መሆን አለባቸው። አራተኛ ታብ ጨምራችሁ ሌንግዙን ከረሳችሁት ስህተት ይመጣል።

ስሞቹ ረዘም ካሉ ጫፋቸው ደብዝዞ ይቀራል። ኢዝስክሮለብል የሚለውን ትሩ (አዎ) አድርጉት፣ ታብባሩ ራሱ ወደ ጎን ይሄዳል። እኔ ግን ከዚያ በፊት አጠር ያለ ቃል እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ታብባርቪው ከስክሪን የወጣውን ገጽ ያፈርሰዋል። ስትመለሱ ገጹ እንደ አዲስ ይሠራል። ኢኒትስቴት (ገጹ ሲፈጠር አንዴ የሚሠራው ኮድ) እንደገና ይጠራል፣ ዳታው ከሰርቨር እንደገና ይመጣል፣ ዝርዝሩም ከላይ ይጀምራል። ባልደረባዬን ያስቸገረው ይሄ ነበር።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ገጹን ስቴትፉል ዊጄት (የራሱን ሁኔታ የሚይዝ የስክሪን ክፍል) አድርጉት። የስቴት ክላሱ ላይ አውቶማቲክኪፕአላይቭክላየንትሚክሲን የሚባለውን ሚክሲን (ክላስ ላይ የሚጨመር ዝግጁ ኮድ) ጨምሩ። ዋንትኪፕአላይቭ (ገጹ ይቆይ ወይ) የሚለው ጌተር፣ ማለትም ዋጋ የሚመልስ ኮድ፣ ትሩ ይመልስ። ከዚያ ገጹን በሚሠራው ቢልድ ሜተድ ውስጥ፣ ከሁሉም በፊት፣ የሱፐርን (የወላጁን) ቢልድ ጥሩት። ይህችን መጨረሻ መስመር አትዝለሏት። ሚክሲኑ የሚሠራው በሷ በኩል ነው።

ይህን ሁሉም ታብ ላይ መለጠፍ ግን አልወድም። በሕይወት የቆየ ገጽ ሜሞሪ ይይዛል። ካሜራ ወይም ቪዲዮ ያለበት ገጽ ሲወጡ ቢፈርስ ይሻላል። ዳታው ከገጹ ውጪ የሚቀመጥ ከሆነና የሚያስፈልጋችሁ ዝርዝሩ የቆመበትን ቦታ ማስታወስ ብቻ ከሆነ፣ ለሊስቱ ፔጅስቶሬጅኪ (ቦታውን የሚያስታውስ መለያ) ስጡት፤ ይበቃል። ለየታቡ የተለያየ ስም ይሁን።

ታብ በተቀየረ ቁጥር የምትሠሩት ነገር ካለ የራሳችሁን ታብኮንትሮለር ፍጠሩ። ሲንግልቲከርፕሮቫይደርስቴትሚክሲን (እንቅስቃሴውን የሚያስኬድ ሚክሲን) ያስፈልገዋል። ዲስፖዝ (ገጹ ሲፈርስ የሚጠራው ሜተድ) ላይ መዝጋቱን አትርሱ። ሊስነር (ለውጥ ሲኖር የሚጠራ ኮድ) ስትጨምሩለት ደግሞ የሚያደናግር ነገር አለ፦ የታቡን ስም ሲነኩ ሊስነሩ ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ ጉዞው ሲጀመር አንዴ፣ ሲያልቅ አንዴ። እኔ መጀመሪያ ኔትወርኩን ጠርጥሬ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ፤ ለካ ጥያቄውን ሁለቴ የምልከው እኔው ነበርኩ። ኢንዴክስኢዝቼንጂንግ (ታቡ እየተቀየረ ነው ወይ) የሚለው ፎልስ (አይደለም) ሲሆን ብቻ ሥራችሁን ሥሩ።

ሌላው ጠብ የጣት ጠብ ነው። እያንዳንዱን ሥራ ወደ ጎን ጎትቶ መሰረዝ እንዲቻል ዲስሚሲብል አስገብቼ ነበር። ያኔ ታቡ መንሸራተት አቆመ። ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ የጣት እንቅስቃሴ ስለሆነ ውስጥ ያለው ያሸንፋል። ዝርዝሩ ስክሪኑን ስለሞላው ለታቡ የቀረ ቦታ አልነበረም። ይባስ ብሎ ታብ ሊቀይር የፈለገ ሰው ሥራውን ይሰርዛል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። እኔ መሰረዙን ወደ ቁልፍ አዛወርኩት። ካርታ ወይም ወደ ጎን የሚሄድ የፎቶ ረድፍ ያለበት ታብም እንዲሁ ነው። እዚያ ፊዚክስ የሚለውን ኔቨርስክሮለብልስክሮልፊዚክስ አድርጋችሁ ማንሸራተቱን ዝጉት፣ ሰው ስሙን ነክቶ ይቀይር።

የስክሪኑን ጫፍም አስቡበት። ከአንድሮይድ 10 (2019) ጀምሮ ከታች ባሉ ቁልፎች ሳይሆን በጣት ምልክት የሚታዘዝ ስልክ ላይ ከግራ ወይም ከቀኝ ጫፍ የተነሳ ጣት «ተመለስ» ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ታብ ላይ ጣታችሁን ከጫፍም ከመሃልም እያስነሳችሁ ሞክሩ። ኢሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ ያለ አስመሳይ ስልክ) ላይ በማውዝ ሞክሮ መተው አይበቃም።

ሁሉም ሰው ማንሸራተት አይችልም፤ ታቦቹ እንደሚንሸራተቱ የማያውቅም አለ። ስለዚህ የታቡ ስሞች ሁልጊዜ ይታዩ፣ ለጣት በቂ ስፋትም ይኑራቸው። የማቴሪያል (የጉግል የዲዛይን) መመሪያ የሚነካ ነገር ቢያንስ 48 ዲፒ (የስክሪን መለኪያ) ይሁን ይላል። ቦታ ለመቆጠብ ብላችሁ ታብባሩን አታሳጥሩት።

ስትጨርሱ ዝርዝሩን እስከ ታች ውረዱ፣ ሦስተኛው ታብ ድረስ ሂዱ፣ ተመለሱ። ከዚያ ጣታችሁን እስከ ግማሽ ጎትታችሁ ሐሳባችሁን ቀይሩና መልሱት። የነበራችሁበት መስመር አሁንም ዓይናችሁ ሥር ካለ አፑን ለሌላ ሰው ስጡት፤ አጠገቡም ቁጭ በሉ።