በቅሌት ከተያዘ መሪ ጎን የቆመ የምክር ቤት አባል ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

ደብረ ማርቆስ ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያም በእኔ ሥር ነው። ተማሪዎቼ የፖለቲከኛ ታሪክ ጻፉ ሲባሉ ወይ ያወድሳሉ ወይ ይሳደባሉ። ሰውየው በቅሌት የተያዘ መሪ ደግፎ ከሆነማ “አድርባይ” ብለው ጀምረው እዚያው ይጨርሳሉ። ስለዚህ መለማመጃው ዋተርጌት ነው፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን፣ ሰዎቹ የተቀናቃኝ ፓርቲ ቢሮ ሰብረው ሲገቡ ተይዘው፣ ነገሩን የሸፋፈነበት ቅሌት። ሩቅ ስለሆነ ማንም አይቀየምም።

ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በግራ መረጃው የወጣበት ቀን፣ በቀኝ ሰውየው ያን ሰሞን የተናገረውና የሰጠው ድምፅ ይግባ። ቀን የሌለው ወሬ አይገባም።

ቻርልስ ዊጊንስን እንይ። የካሊፎርኒያ የምክር ቤት አባል፣ እንደ ኒክሰን ሪፐብሊካን ነበር። ሐምሌ 20 ቀን 1966 ዓ.ም. የምክር ቤቱ የፍትሕ ኮሚቴ ኒክሰን ከሥልጣን እንዲነሣ የመጀመሪያውን ክስ 27 ለ11 ሲያጸድቅ እሱ ከ11ዱ አንዱ ነበር። (ያ ክረምት እኛ አገር ደርግ ሹማምንቱን የሚለቅምበት ነው።) ሐምሌ 29 ኒክሰን የቅሌቱን ምርመራ ለማስቆም መስማማቱን የሚያሳየው፣ ቢሮው ውስጥ በቴፕ የተቀዳ ንግግር ወጣ። ዊጊንስ ያኔ ዞሮ ክሱን ደገፈ። የኢንዲያናው ኧርል ላንድግሪብ ግን ቴፑ ከወጣም በኋላ “በመረጃ አታደናግሩኝ” አለ። ሁለቱም ታማኝ ተብለዋል። ወረቀቱ ላይ ግን አንድ አይደሉም።

የምርጫ ውጤት እንዳያታልላችሁ። ላንድግሪብ ከሦስት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 1967 ዓ.ም. ምርጫ ተሸነፈ፤ ዊጊንስ አሸንፎ ከአሥር ዓመት በኋላ የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። ቆንጆ ተረት ይመስላል። ነገር ግን ቴፑ ሲወጣ የዞረው ቻርልስ ሳንድማንም ተሸንፏል። ከፓርቲው ተለይቶ ክሱን የደገፈው ሎውረንስ ሆጋን ደግሞ ለሜሪላንድ አገረ ገዥነት ሲወዳደር የራሱ ፓርቲ እንኳ አላሳለፈውም።

የተወለደበትን፣ የተማረበትን በሁለት መስመር ጨርሱት።

ከዚያ ወደ ቤታችን። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ዐምፆ ነበር። ሕጉ ያለፈው በፓርላማ ነው፤ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከዐመፁ በኋላ ከጎጃም ተነሥተዋል። የአውራጃችሁ የፓርላማ እንደራሴ ሕጉ ሲቀርብ ምን አለ? ዐመፁ ሲነሣስ? የዘመኑን ጋዜጣ ፈልጉ፣ ሽማግሌም ጠይቁ። “ከሃዲ ነበር ወይ?” ብላችሁ ከጀመራችሁ ሰውየው “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” ብሎ ያሰናብታችኋል። “አባባ፣ ግብሩ የመጣ ጊዜ እናንተ ቀበሌ ምን ሆነ?” በሉ። የእንደራሴው ስም በራሱ ጊዜ ይመጣል። ስሙ ሲነሣ ቀኑን ጠይቁ። ቀኑ ከጠፋቸው “ከአዝመራ በፊት ነው በኋላ?” በሉና ያንኑ ጻፉ።