የማይኤስኪውኤል ስሎው ሎግን በፋይልቢት እንዴት ወደ ፊልድ እንደምንበትን

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ጅምላ ሻጭ «ሲስተሙ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይተኛል» ብሎ ጠራኝ። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው። ሎጉን በዓይኔ እየለቀምኩ ሁለት ቀን አቃጠልኩ። እናንተ እንዳታቃጥሉ አሠራሩ ይኸው።

መጀመሪያ ስሎው ሎግን (ዳታቤዙ የዘገየበትን ጥያቄ፣ ማለትም ኩዌሪ፣ የሚመዘግብበትን ፋይል) አብሩት፣ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ገደቡም 10 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በላይ የፈጀውን ብቻ ይመዘግባል። ደንበኛ ፊቱ ለቆመበት ካሸር 10 ሰከንድ ዓመት ነው፤ እኔ ወደ 1 አወርደዋለሁ።

ቀጥሎ ፋይልቢትን (ሎግ እያነበበ የሚልክ ፕሮግራም ነው) ጫኑና የማይኤስኪውኤል ሞጁሉን አንቁ። ከቨርዥን 8 ወዲህ ግን ይሄ ብቻ አይበቃም። የሞጁሉን ያምል ፋይል (የቅንብር ፋይሉን) ክፈቱ፣ ስሎውሎግ በሚለው ሥር ኢነብልድን ትሩ አድርጉ፣ ሎጉ ያለበትን ቦታም ጻፉ። መስመር ወደ ውስጥ ስታስገቡ ታብ እንዳትነኩ፣ ስፔስ ብቻ።

አሁን ጣጣው። ሎጉን ወደ ፊልድ፣ ማለትም ስም ስም ወዳላቸው ክፍሎች፣ የሚበትነው ፋይልቢት ይመስል ነበር ለእኔ። አይደለም። ፋይልቢት የአንዱን ኩዌሪ መስመሮች ሰብስቦ አንድ ላይ ይልካል፣ በታኙ ሎጉ በሚከማችበት በኢላስቲክሰርች ውስጥ ያለው ኢንጀስት ፓይፕላይን (ሎጉ ሲገባ የሚያቀነባብረው ደንብ) ነው። በቀጥታ ወደ ኢላስቲክሰርች ከላካችሁ ፓይፕላይኑን ፋይልቢት ራሱ ይጭንላችኋል። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ መሐል ላይ ሎግስታሽ የሚባል ሌላ ሎግ አስተላላፊ አስገባሁ። ያኔ ፓይፕላይኑን በእጅ መጫን፣ ሎግስታሽም እንዲጠራው ማድረግ ያስፈልጋል። አላደረግኩም። ሁሉም ነገር ሜሴጅ በሚባል አንድ ፊልድ ውስጥ ታጭቆ መጣ። የቆየውን ሎግ ባንዴ ስለላክሁትም ኪባና (የኢላስቲክሰርች ማሳያ ገጽ) ላይ የሚታየው የላክሁበት ሰዓት ሆነ።

ስለዚህ ሰዓቱን ከጽሑፉ ውስጥ አነበብኩ፤ 11:02 ይላል። 11 ሰዓት ደግሞ ሠራተኛው ሒሳብ ዘግቶ የሚወጣበት ነው። በቃ ያዝኩት አልኩ! ሁለት ቀን 11 ሰዓት ላይ ሰርቨሩ አጠገብ ተጎልቼ ጠበቅኩ፣ ምንም የለም። ለካ መጨረሻ ላይ ዜድ ነበረች። ዜድ ማለት ዩቲሲ ነው፣ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ የሚቀር የዓለም መለኪያ ሰዓት። 3 ሰዓት ስትደምሩበት 14:02፣ በእኛ 8 ሰዓት ከ2። ባለሱቁ ከመጀመሪያው የነገረኝ ሰዓት። ፓይፕላይኑ ሲስተካከል ኪባና ራሱ ወደ እኛ ሰዓት ቀየረልኝ።

ከፊልዶቹ ሦስቱን ተመልከቱ። ኢቨንት ዱሬሽን በናኖሰከንድ ነው፤ 2,000,000,000 ብታዩ አትደንግጡ፣ 2 ሰከንድ ነው። ሮውስ ኤግዛምንድ ስንት ረድፍ እንዳገላበጠ፣ ሮውስ ሴንት ስንት እንደመለሰ ይነግራችኋል። የእኛው የስቶክ ሪፖርት 12 ረድፍ ለመመለስ 380,000 አገላብጧል። ረድፉን በቀጥታ የሚያገኝበት ማውጫ፣ ኢንዴክስ፣ አልነበረውም፤ ጨመርንለት።

ደግሞ ኩዌሪው ከነይዘቱ ነው የሚገባው፣ የደንበኛ ስልክ ሳይቀር። ኪባናን ያለ ፓስዎርድ እንዳትተዉት።